ቡና ባከሰራት ሴት ሰፈር ቡና ስንጠጣ

ናይሮቢ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ «ካረን ሰፈር ወስጄ ቡና ልጋብዝሽ» ሲለኝ በደስታ እሺ አልኩ። ካፌው ከዴንማርካዊቷ ደራሲ ከካረን ብሊክሰን ቤት ብዙም ስለማይርቅ መጀመሪያ ቤቱን አየን።

ቤቱን እ.ኤ.አ. በ1912 ያሠራው ኦኬ ሾግሬን የተባለ ስዊድናዊ ነው። ካረንና ባሏ ብሮር በ1917 ገቡበት። ከአውሮፓ ሲነሱ ሐሳባቸው የወተት ከብት ማርባት ነበር። ብሮር ግን ቡና ይሻላል አለ። መሬቱ ወደ 6,000 ኤከር ነበር፣ ቡናው 600 ኤከር። ትዳሩ ሲፈርስ እርሻው እሷው ላይ ቀረ። በ1923 የቡና ማዘጋጃው ተቃጠለ፣ በ1931 ሁሉም ተሸጠ። ግቢው ውስጥ ዝገት የበላው የቡና ማሽን እስካሁን ቆሟል። ዳር ዳሩን ሣር ውጦታል።

ቦታው ለቡና ከፍ ይላል ይባላል። የእኛ ይርጋጨፌ ከዚያም በላይ ይበቅል የለ እንዴ? ለካ ጣጣው ብርዱ፣ የዝናቡ እጥረትና የአፈሩ አሲድነት ነው።

እርሻውን የገዛው ሰው መሬቱን ሸንሽኖ ሸጠው፤ የዛሬው የሀብታም ሰፈር እንዲህ ተጀመረ። ቤቱን በኋላ የዴንማርክ መንግሥት ገዝቶ ለኬንያ የነፃነት ስጦታ ሰጠ። በ1986 ሙዚየም ሆነ። አስጎብኚው ታሪኩን ከስዊድናዊው ሲጀምር የአክስቴ ልጅ «ከእሱ በፊትስ?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እርሻው ላይ ኪኩዩ የሚባለው የአገሩ ሕዝብ ብዙ ቤተሰቦች ይኖሩ ነበር፤ በገዛ አገራቸው እንደ ጥገኛ ተቆጥረው፣ ለመኖር ጉልበታቸውን እየከፈሉ።

አሁን ወደ ሆዳችን። ንያማ ቾማ፣ ማለትም የፍየል ጥብስ አዘዝን። በእንጨት ገበታ ተከትፎ መጣ፤ ዳሩ ጠበስበስ ያለ፣ ውስጡ ጭማቂ። ካቹምባሪው ከእኛ የቲማቲም ሰላጣ ብዙ አይለይም፣ ቃሪያው ግን ሰነፍ ነው። ኡጋሊውን (የበቆሎ ገንፎውን) ነካክቼ ተውኩት፤ እንጀራ ያሳደገው እጅ ምን ያድርግ!

ቡናው አናደደኝ። ጥቁር ብዬ ያዘዝኩት ወተት ተደፍቶበት፣ ለብ ብሎ፣ በትልቅ ኩባያ መጣ። መለስኩት። ሁለተኛው ግን ካሰ፦ ትኩስ፣ ጎምዘዝ ያለ፣ የፍሬ ጣዕም ያለው። ስኳር አልነካሁበትም።

ሂሳቡ ጠንከር ይላል። ካረን ነዋ! በሐምሌ ከሄዳችሁ ጃኬት ያዙ፤ ያ የቡናውን ተክል የጎዳው ብርድ ሰውም አይምርም።