ሰዓቱን ለጠየቀችኝ ሲስተር፣ ከደሴ

ሰላም የደሴ፣ የኮምቦልቻ፣ የሐይቅ ልጆች። ሰላም ወሎዬዎች በያላችሁበት።

ይህንን ጽሁፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። አፍሬ ነው። ዛሬ ግን መጠጥ ካቆምኩ 74ኛ ቀኔ ነው። ማመስገን ያለብኝን ሰው ሳላመሰግን 75 እንዲሞላ አልፈልግም።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ደሴ ተወልጄ ደሴ ነው ያደግኩት። የማመሰግናት ሴት ከተማችን ካሉት የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ የምትሠራ ነርስ ናት። በእድሜ እኩያዬ ናት። ስሟን እንዳልጽፍ አስምላኛለች፤ "ሥራዬን ነው የሠራሁት" ብላ። ስለዚህ እዚህ ሲስተር ብቻ እላታለሁ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ደሴ ብርድ ናት። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው የተቀመጥነው፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ማታ ማታ አጥንት ይሰብራል። የእኔም አረቄ "ለብርድ" ተብሎ ነው የተጀመረው። አንድ መለኪያ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ቤተሰቤን ይዤ ወጣሁ። ስመለስ የሱቁ በር ተገንጥሏል፣ ሁለቱም የስፌት መኪናዎቼ የሉም። ከዚያ ወዲህ ቀኑ ሁሉ ቅዳሜ ሆነ።

ተበድሬ አንድ መኪና ገዛሁ። ግን ጠዋት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት የዞረ ድምሩን ካላስለቀቅኩ እጄ መርፌ አይዝም። በመጨረሻ ክር የምታስገባልኝ የ9 ዓመት ልጄ ሆነች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቅ ጎራ ትላለች፤ አሥር አሥራ አምስት መርፌ ላይ ክር አስገብታ፣ ስፖንጁ ላይ ደርድራ ሰክታልኝ ወደ ቤት ትሄዳለች። አንድም ቀን ለምን ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። አሁን ስጽፈው እንኳ ጉሮሮዬን ይተናነቀኛል።

ሳልሞክር ቀርቼ አይደለም። ባለፈው ዓመት ቤቴን ዘግቼ፣ ለማንም ሳልናገር በአንድ ጊዜ አቆምኩ። በማግስቱ ላብ፣ ትውከት፣ መንቀጥቀጥ። ጎኔ የተኛችው ባለቤቴ የልቤ ምት ይሰማት ነበር። በሁለተኛው ቀን ማታ አልቻልኩም፤ ተነሥቼ ሄድኩ። ዘመድ ጎረቤቱ "ወኔ የለውም" አለ። እኔም አመንኩ።

እርዳታ ፍለጋ የሄድኩባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም። አንዱ ጋ ሆዴን ጫን ጫን አደረጉና የጨጓራ መድኃኒት ጻፉልኝ። የምጠጣውን ልነግራቸው አፌን ስከፍት "ቀጣይ" ተባለ። ሌላው ጋ ግሉኮስ ሰቀሉልኝ፣ ሂሳብ አስከፈሉኝ፣ ሸኙኝ። የከፈልኩት የደንበኛ ቀብድ ነበር። ሦስተኛው ግን እስከ ዛሬ ያመኛል። ወረፋ ጠባቂ በሞላበት ኮሪደር ላይ፣ አንዲት ሠራተኛ ካርዴን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ "ሰካራም እዚህ አይታከምም፤ መጀመሪያ አቁምና ና" አለችኝ። መጀመሪያ አቁምና ና! ማቆም ብችልማ ምን ልሠራ እሄዳለሁ? ከሰዉ መሃል ሱሪ የሰፋሁለት ደንበኛዬ ነበር። እንዳላየኝ ሆኖ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለልኝ፤ እግዜር ይስጠው። ከዚያ ቀጥታ አረቄ ቤት ነው የገባሁት።

ሲስተርን ያገኘኋት ለራሴ ታክሜ አይደለም። ልጄ አተኩሷት ይዣት ሄጄ ነው። ሲስተር የልጄን ሙቀት ለካች፣ ጉሮሮዋን አየች፣ ከዚያ የእኔን እጅ አየች። የያዝኩት ካርድ እንደ ቅጠል ይርገፈገፋል። ልጄን "ሚጣ፣ እዚች ደጅ ወንበሩ ላይ ጠብቂን" አለቻት። በሩንም ዘጋችው። ያንን ኮሪደር ለሚያስታውስ ሰው በር መዘጋቱ ብቻ ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ገምቱት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦

"ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣኸው ስንት ሰዓት ላይ ነው?"

ትጠጣለህ ወይ አላለችኝም። ለምን ትጠጣለህ አላለችኝም። ሳል ጀመረህ ወይ ብላ እንደምትጠይቅ ነው ሰዓቱን የጠየቀችኝ። "ትናንት ማታ 3 ሰዓት" አልኳት። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየት አደረገች። "አሁን 4 ሰዓት ነው። 13 ሰዓት ሆኖሃል። ጠዋት ያልቀመስከው ልጅህን ይዘህ ስለምትመጣ ነው አይደል?" አለችኝ። እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ። ያን ያህል ዓመት እንደዚያ ብሎ ያየኝ ሰው አልነበረም።

የነገረችኝን እኔ በገባኝ መጠን ላስተላልፍላችሁ፣ ምክንያቱም ይህንን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ስንት ነገር በቀረልኝ። ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው ድንገት ሲያቆም ሰውነቱ ይደነግጣል። መንቀጥቀጡና ላቡ ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት እንደ ሚጥል በሽታ የሚጥለው ሰው አለ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ደግሞ የሚቃዥ፣ የሌለ ነገር የሚያይ፣ የት እንዳለ የሚጠፋው አለ፤ ይኼኛው ካልታከመ ይገድላል። እኔ ቤቴን ዘግቼ ያደረግኩት ከሞት ጋር መጫወት ነበር ለካ። "ያኔ ወኔ አጥተህ እንዳይመስልህ፤ ብቻህን የሚሠራ ሥራ ስላልሆነ ነው" አለችኝ።

ባለቤቴን አስጠራቻት። ሁለታችንንም አስቀምጣ ጠየቀችን። ከዚህ በፊት ጥሎት ያውቃል? ሌላ በሽታ አለበት? ቤት ውስጥ የሚጠብቀው ሰው አለ? "ጥሎህ ቢያውቅ ወይም ጠባቂ ባይኖርህ እዚህ አልይዝህም፣ አሁኑኑ ሆስፒታል ነበር የምልክህ" አለች። ግፊቴን ለካች። የቫይታሚን መርፌ ወጋችኝ። በየቀኑ እየቀነሰ የሚሄድ ክኒን ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራ አመጣች፤ ስሙን ብትነግረኝም አልያዝኩትም። ክኒኑን የሰጠችው ግን ለባለቤቴ ነው። "በዚህ ላይ አንድ መለኪያ ከጨመርክበት ትንፋሽህ ሊቆም ይችላል" አለችኝ፤ ዓይን ዓይኔን እያየች። ደግሞ ከደብተር ቅጠል ቀዳ በትልልቅ ፊደል ጻፈችልን፦ ከጣለው፣ ከቃዠ፣ ትኩሳት ከያዘው ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል። ወረቀቱ እስካሁን በራችን ጀርባ ላይ ተለጥፏል።

ስትሸኘን ለባለቤቴ አንድ ጥያቄ ጠየቀቻት። "ቡናችሁን ስንት ሰዓት ነው የምታፈሉት?" "8 ሰዓት።" "ለሁለት ሳምንት 11 ሰዓት አድርጉት።" 11 ሰዓት ሱቄን ዘግቼ ወደ አረቄ ቤት የምሄድበት ሰዓት ነው። አልነገርኳትም። አውቃው ነው።

ሦስተኛው ቀን ከሁሉም ከፋ። ጋቢ ተጠቅልዬ በላብ ተጠምቄያለሁ፣ ደግሞ ይበርደኛል። ዝናብ ነበር። 11 ሰዓት ላይ እትዬ መጡ። እትዬ የምንላቸው ሙስሊም ጎረቤታችን ናቸው፤ እኛ ክርስቲያን ነን፤ ወሎ ነውና ቡናው የጋራ ነው። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ እጣኑ ይጨሳል። በሩ ተንኳኳ። ሲስተር ናት። ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ፣ ጃንጥላዋ ይንጠባጠባል። ከሥራ ወጥታ በእግሯ ነው የመጣችው። ማንም አላዘዛትም።

"እጅህን ዘርጋ" አለችኝ። ዘረጋሁ። "ከትናንቱ ይሻላል" አለች። ባለቤቴ ለእኔ ቡና ስትቀዳ "ለእሱ ይቅርበት፣ ልቡ ራሱ እየጋለበ ነው፤ አጥሚት የለም?" አለች። አጥሚቱን በሲኒ ቀዱልኝ፣ ከእነሱ እንዳላንስ። እትዬ ዱአ አደረጉ። "አላህ ያሽርህ ልጄ፣ ከክፉው ነገር ይለይህ።" ሁላችንም አሚን አልን።

ከዚያ ሲስተር ስለ መጠጥ አንድ ቃል አላነሣችም። የሸሚዝ ኮሌታ እንዴት እንደሚገለበጥ ጠየቀችኝ። ያረጀ ኮሌታ ፈትቶ፣ ገልብጦ መስፋት። ነገርኳት። አልገባኝም አለች። ሸሚዝ አስመጥቼ አሳየኋት። ሱፍ ላይስ? አለች። የሱፍ ነገር ሌላ ነው አልኳት፣ እሱንም አስረዳሁ። ከአቦል እስከ በረካ እኔ ነበርኩ ተናጋሪው። ልትሄድ ስትነሣ ሰዓት አየሁ። 1 ሰዓት ሆኗል። 11 ሰዓት መቼ እንዳለፈ አላየሁትም። በር ላይ "አብሽር ወንድሜ" ብላኝ በዝናቡ ሄደች።

በአምስተኛው ቀን እንቅልፍ ወሰደኝ። በዘጠነኛው ቀን ሱቅ ከፍቼ፣ ክር መዝዤ፣ መርፌውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረግኩ። ገባ። ልጄ ስትመጣ ስፖንጁ ላይ ክር የገባባቸውን መርፌዎች አየች። ቆጠረቻቸው። ምንም ሳትል ቦርሳዋን ይዛ አጠገቤ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ሠራች።

ለሲስተር ልብስ ልስፋልሽ አልኳት፣ እምቢ አለች። የጋዎኗ ኪስ ተቀዶ ነበር፤ እሱን ብቻ ፈቀደችልኝ። እሱንም ሂሳብ ካልተቀበልከኝ አልወስድም ብላ 20 ብር ከፍላኛለች። ብሩን አላጠፋሁትም።

አሁንም በየሳምንቱ እሄዳለሁ። ሰውነቱ በሳምንት ገደማ ቢረጋጋም ምኞቱ እንደሚቆይ ነግራኛለች፤ እውነቷን ነው። ወደ ቤት ስሄድ መንገድ ቀይሬ ዙሪያውን ነው የምሄደው። ሰርግ ላይ ለሙስሊም እንግዶች የማያሰክረው መጠጥ፣ ቀሪቦ፣ ከሚቀርብበት በኩል እቀመጣለሁ። ያኛውን ወገን ገና አልቻልኩትም።

ወገኖቼ፣ ቤታችሁ የሚጠጣ ሰው ካለ እባካችሁ አትስደቡት፣ ብቻውንም ዘግታችሁ አታስቁሙት። ወደ ሲስተር ውሰዱት። ሩቅ ከሆናችሁ ቅርባችሁ ባለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጠይቁ። ደሴና አካባቢዋ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጤና ጣቢያውን እነግራችኋለሁ፤ የሚያፍር ካለ እኔው ራሴ ይዤው እሄዳለሁ። እንዲህ ዓይነት ሰው ከተማችን ውስጥ እያለች ሰው በየቤቱ መሞት የለበትም። ሼር አድርጉት፣ ለሚያስፈልገው ይድረስ።

ሲስተር፣ ይህንን ካነበብሽ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እድሜና ጤና ይስጥሽ።

የምትሄዱ ሰዎች፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ትገባለች። ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣችሁበትን ሰዓት ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።