አንዴ የምትሠራ አንዴ የምትጠፋ መኪና ላላችሁ፦ ምስጋና እና ጥቆማ

አሮጌ መኪና ይዛችሁ መብራቷ ወይም ሞተሯ ሲፈልግ እየሠራ ሲፈልግ እየጠፋ ልባችሁን ላደረቀባችሁ ሰዎች ነው የምጽፈው። ተክለሃይማኖት አካባቢ፣ ከሶማሌ ተራ ብዙም ሳይርቅ የሚሠሩ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን አሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ጠይቀውኛል። «ወረፋ ታበዢብኛለሽ» ነው ያሉኝ። ስለዚህ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል።

መኪናዬ ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ናት። እ.ኤ.አ. የ1971 ሥሪት፣ ባለ1608 ሲሲ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት። ከአጎቴ የወረስኳት ናት። የጣሊያኑ የመኪና ቅርጽ ነዳፊ ድርጅት ፒኒንፋሪና ያወጣላት ቅርጽ ዛሬም ፒያሳ ላይ አንገት ያስዞራል። ሞተሩን የነደፈው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ደግሞ ቀድሞ የፌራሪ ሞተሮችን የሠራ ሰው ነው። በሞተሩ ቅር ተሰኝቼ አላውቅም። ያንገበገበኝ ሽቦው ነው። ከተማው ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና በሚያወራበት ሰዓት የእኔዋን ኤሌክትሪክ አልስማማት አለ።

ችግሩ እንዲህ ነበር። ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስወርድ ሞተሩ ድንገት ይጠፋል። ሁለት ሦስት ሰከንድ ሳይቆይ ራሱ ይመለሳል። ማታ ይብስበታል። ቀን ቀን ግን አንዳንዴ ሳምንቱን ሙሉ ምንም አይልም። በዚያ ላይ ፍሬቻ አብርቼ ፍሬን ስይዝ የኋላ መብራቶቹ ሁሉ አብረው ይርገበገባሉ። ጋራዥ ስወስዳት ጸጥ። ሐኪም ቤት በር ላይ ሲደርስ እንደሚለቅ የጥርስ ሕመም።

ከጋሼ በፊት የሄድኩባቸውን ጋራዦች አልጠራም። አንዱ ባትሪ ቀየረ። ሌላው ዲናሞ፣ ከዚያ ቦቢና፣ ማለትም ለሻማው እሳት የሚሰጠውን ዕቃ። አንዱ ደግሞ እኔን ትቶ «ባለቤቱ ይምጣና እናውራ» አለኝ። ባለቤቷ እኔ ነኝ ብለው እንኳ ዓይኑ ከኋላዬ ሰው ይፈልግ ነበር። ሌላኛው ጥፋቱን ነዳጅና አየር በሚቀላቅለው ካርቡሬተር አላከከ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ለባሕር ዳርቻ ከተማ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ነዳጅ ያበዛል አለኝ። ይሄ እውነት ነው። ግን ከፍታ ፍሬቻ አያርገበግብም።

ጋሼ ኮፈኑን አልከፈቱም። በርጩማ ሰጡኝና ጥያቄ ጀመሩ። መቼ ይጠፋል? መብራት በርቶ ነው ወይስ ጠፍቶ? ከተነሳች ስንት ሰዓት በኋላ? መኪናዋ ቀለም ተቀብታ ታውቃለች? ቀለሙ ምን አገናኘው ብዬ ነበር በልቤ።

ከሁሉም ያስገረመኝ ግን ይሄ ጥያቄ ነው፦ «ሞተሩ ሲጠፋ የዙር መቁጠሪያዋ መርፌ እንዴት ነው የምትወርደው?» አስተውዬ አላውቅም ነበር። «እንግዲያው ሂጂና አይተሽ ነይ» ብለው ሳይነኳት መለሱኝ። ነገሩን ሳስረዳችሁ፦ መኪናዋ ማርሽ ላይ ሆና እየተንከባለለች ስለሆነ ሞተሩ ቢጠፋም ጎማው ያዞረዋል። ነዳጅ አጥቶ ከሆነ የጠፋው፣ ቦቢናው ግን ኃይል ስላለው መርፌዋ ከመኪናዋ ፍጥነት ጋር ቀስ እያለች ትወርዳለች። የተቋረጠው ኤሌክትሪኩ ከሆነ ግን ሞተሩ እየዞረም መርፌዋ በአንዴ ዜሮ ላይ ትወድቃለች። ምክንያቱም የምትቆጥረው ከቦቢናው የሚመጣውን ምት ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አየኋት። ዱብ አለች፣ ዜሮ። ካርቡሬተሩ በዚያች ደቂቃ ከክስ ነጻ ወጣ።

ከዚያም ቢሆን አልፈቱም። «ያላየሁትን አልነካም» አሉ። ረዳታቸው የሆነው ልጅ ከቁልፉ ስዊች መግቢያና መውጫ ላይ ረጃጅም ሽቦ አውጥቶ ቴስተሩን፣ ያው ቮልት መለኪያውን፣ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ጋሼ መሪ ያዙ። ሲመሻሽ መብራቱን አብርተው በየሰፈሩ ኮብልስቶን ላይ ሲያንገጫግጯት ቆዩ። አስፋልት ላይ ቀን ሙሉ የሚደበቅ ጥፋት ኮብልስቶን ላይ እንደማይደበቅ ነገሩኝ። ሞቃ ስትመጣ ጠፋች። ልጁ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበ፦ ከ2 ቮልት በላይ!

ይሄ ቁጥር ምን እንደሆነ ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው፤ ለእኔ፣ ፊት ለፊት፣ ባለቤት ሳይፈልጉ። ቴስተሩን በአንድ መገጣጠሚያ ግራና ቀኝ ስታደርጉት ያ መገጣጠሚያ ስንት ቮልት እንደሚበላ ያሳያል። ጤነኛ ከሆነ ከ0.2 ቮልት በላይ መብላት የለበትም። ሁለት ከበላ ግን ውስጡ ተቃጥሏል ማለት ነው፣ ያ ኃይል እዚያው ሙቀት እየሆነ ነው። የዚያ ዘመን ፊያቶች የፊት መብራት ሪሌ፣ ማለትም በትንሽ ኃይል ታዝዞ ትልቁን ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋ ዕቃ፣ የላቸውም። የመብራቱ ኃይል በሙሉ በማስነሻ ቁልፉ ስዊች ውስጥ ያልፋል። ለቦቢናው የሚሄደው ኃይልም ከዚያው ስዊች ነው የሚወጣው። አጎቴ ደግሞ በዚያ ዘመኑ አምፖል ቦታ (ረጅሙ 45፣ አጭሩ 40 ዋት) ኃይል የሚበዛበት ሃሎጅን አስገብቶ ነበር። ሁለት የ55 ዋት አምፖል ብቻ 9 አምፔር ገደማ ይስባል። ማታ ማታ የሚብሰው ለዚህ ነበር። መብራት ሲበራ ስዊቹ ይግላል፣ ሲግል ኮንታክቱ ይላላል፣ መንገዱ ሲያንገጫግጨው ቦቢናው ኃይል ያጣል። ስዊቹን ፈትተው ሲያሳዩኝ ውስጡ ከሰል ሆኗል።

ስዊቹ ተቀየረ። ለረጅሙና ለአጭሩ መብራት ሁለት ሪሌ ገባ፣ የየራሱ ፊውዝ ያለው፣ ኃይሉን ቀጥታ ከባትሪው የሚወስድ። አሁን በስዊቹ የሚያልፈው ሪሌውን የሚያዝዘው ትንሽ ኃይል ብቻ ነው። መብራቱም በአንዴ ደመቀ። ሳያስፈልገኝ ሁለት ምሽት ዞርኩበት።

ቀለሙ የመጣው እዚህ ላይ ነው። የኋላ መብራቶቹ ማሳቸውን፣ ማለትም ኃይሉ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን መንገድ፣ የሚያገኙት በቦዲው ብሎን ነው። ሙሉ ቀለም ስትቀባ ቀቢው ልጅ ጎበዝ ነበር፣ አንድም ቦታ አላመለጠውም። የማሳው ብሎን የሚነክሰውንም ቦታ ጭምር አሳምሮ ቀብቶታል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ማሳ ያጣ አምፖል ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ በሌላው አምፖል በኩል መመለሻ ይፈልጋል። ፍሬን ስይዝ ፍሬቻው የሚያብደው በዚህ ነበር። ጋሼ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፋቁት፣ ጥርስ ያለው ዋሸር አስገብተው አጠበቁት፣ ላዩን ግሪስ ቀቡት። ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚሄደውንም የማሳ ገመድ በአዲስ ተኩ።

አንድ ነገር ሲያዩ ግን ተቆጡ። የዚህች መኪና ፊውዞች የዛሬዎቹ ጠፍጣፋዎች አይደሉም። ጫፋቸው ሾጠጥ ያሉ ናቸው፣ 8 እና 16 አምፔር፣ በሁለት የብረት ምላስ መካከል የሚቀመጡ። ምላሱ ሲዝግ ፊውዙ ሳይቃጠል ኃይል ይቆማል፣ በጣት ስታሽከረክሩት ይመለሳል። አንዱ ላይ የሆነ ሰው የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎበታል። «ይሄ መኪናሽን ሊያነድልሽ ነበር» አሉኝ፣ እኔ የጠቀለልኩት ይመስል። እንዲህ ያለ ፊውዝ ሽቦው ቢነድም አይቆርጥም። የናንተን አሁኑኑ ክፈቱና እዩ።

ሌላው የሚያናድዳቸው ነገር «12 ቮልት አለው» ተብሎ ሥራ ሲዘጋ ነው። ከሽቦው ውስጥ አንዲት ክር ብቻ ብትቀር ቴስተሩ 12 ያነባል፣ ምክንያቱም ቴስተሩ ራሱ ኃይል የሚስበው እዚህ ግባ የማይባል ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ አምፖል አሸክመው ነው የሚለኩት። አምፖሉ ከፈዘዘ ሽቦው ይዋሻል።

ክፍያው ከአንድ አዲስ ባትሪ ዋጋ በታች ነበር። የተፈታውን አሮጌ ዕቃ በሙሉ በከረጢት አድርገው መለሱልኝ፣ ምን ለምን እንደተቀየረ በወረቀት ጽፈው። እኔ ሳልጠይቅ የሽቦዋን መስመር በእጃቸው ስለውም ሰጥተውኛል። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ልጁም ተመስግኗል፣ ያን ሁሉ ኮብልስቶን ሳያማርር የተንገጫገጨው እሱ ነው።

ጉድለት የለባቸውም አልልም። ሥራቸው ዘገምተኛ ነው። ነገ እፈልጋታለሁ ለሚል ሰው አይሆኑም። ኮምፒውተር ያለባቸውን አዳዲስ መኪኖች አይነኩም፣ «እሱን ለልጆቹ» ይላሉ። ግቢያቸው ከሦስት መኪና በላይ አይዝም፣ በር ላይ ማቆም ደግሞ ቅጣት አለው። ፔጆ 404፣ ቮልስ፣ ላዳ፣ አሮጌ ላንድሮቨር ያላችሁ ግን ሂዱ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ በእጃችን ያለው ከበፊቱ ይበልጥ ውድ ሆኗል።

ከመሄዳችሁ በፊት ችግሩ መቼ እንደሚመጣ በወረቀት ያዙ፦ ሰዓቱን፣ ዝናብ መኖር አለመኖሩን፣ ምን ምን በርቶ እንደነበር። ባዶ እጃችሁን ከሄዳችሁ እንደኔ ይመልሷችኋል። ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፣ ለፈለገ በውስጥ መስመር እልካለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት አትደውሉ፣ አያነሱም።