ለሰሚቷ የዮጋ አሰልጣኝ

ስሜን አታንሺ ስላለችኝ በአዲስ አበባው ሰፈር በሰሚት ስም «የሰሚቷ አሰልጣኝ» ልበላት። ልጄን ቅዳሜና እሁድ ዮጋ ስታሠራት ሰባት ወር ሆናት። በአፍ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ማለቱ ስላነሰብኝ ነው እዚህ የምጽፈው።

ልጄ 15 ዓመቷ ነው። ዘመድ ቤት ስትገባ ከሰላምታው በፊት «ውይ፣ ወፈርሽ!» ይቀድማታል። አምና አንድ ጂም አስመዘገብኳት። ገና በመጀመሪያው ቀን ሰው እያየ ሚዛን ላይ አቁመው ኪሎዋን ጮክ ብለው አነበቡት። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት መልስ በሯን ዘግታ ከቺፕስና ከስልኳ ጋር ሆነች።

አሰልጣኟ ጋ ሚዛን የለም። «ዮጋ እንደ ሩጫ ካሎሪ አያቃጥልም፤ ኪሎ ትቀንሳለች ብዬ ገንዘብሽን አልቀበልም» አለችኝ። አልዋሽም፣ ቅር ብሎኝ ነበር። ልጄን ግን «ስትበዪ ርቦሽ ነው ወይስ ከፍቶሽ?» ብላ ጠየቀቻት። እኔ እናቷ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። የቤት ሥራዋም ከዚሁ የመጣ ነው፦ እጇ ወደ ቺፕሱ ሲሄድ ቁጭ ብላ አራት ቆጥራ አየር ማስገባት፣ ስድስት ቆጥራ ማስወጣት፣ አሥር ጊዜ። አወጣጡ ሲረዝም የልብ ምት ረገብ ይላል። ከዚያም በኋላ ካማራት ትብላ፣ ክልክል የለም። የእግር መንገድም ታዛታለች፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ዕድሜ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ስለሚል የሁለት ቀን ዮጋ ብቻውን አይሞላውም።

እማዬ «የባዕድ አምልኮ ነው» ብላ ተቆጥታ ነበር። አንድ ቅዳሜ መጥታ ጥግ ይዛ አየች። መጨረሻ ላይ ልጆቹ በጀርባቸው ተዘርግተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሻቫሳና ይባላል፣ በሳንስክሪት የሬሳ አተኛኘት ማለት ነው። ይህን ብነግራት ጉድ ይፈላ ነበር! እሷ ግን «ይሄማ እረፍት ነው» ብላ ጋቢዋን አውልቃ ልጄን አለበሰቻት።

ኪሎዋ? አልመዘንናትም። ግን ሌሊት ትተኛለች፣ በሯም ክፍት ነው። ባለፈው አንዲት ዘመዳችን «ወፈርሽ» ሲሏት «እርስዎስ ደህና ነዎት?» ብላ ስቃ አለፈች።

ከ12 እስከ 18 ዓመት ያሉትን ነው የምትቀበለው፣ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ኮንዶሚኒየማችን ኮሙናል (የጋራ መገልገያ ቤት) ውስጥ። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ከስምንት ልጅ በላይ አትይዝም። ስልኳን በውስጥ መስመር እሰጣችኋለሁ። ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ አስይዟቸው፣ ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል።