ለአሚን ሜታይሌሽን የትኛው ካታሊስት ይገዛ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤተ ሙከራዎች

ሜታይሌሽን ናይትሮጅን ባለበት ውሁድ (አሚን) ላይ ሜታይል የሚባል የካርቦንና የሃይድሮጅን ቁራጭ መጨመር ነው፤ ካታሊስት ደግሞ ራሱ ሳያልቅ አጸግብሮትን የሚያፋጥን ነገር ነው። ለጨርቅ ቀለም መነሻ የሚሆነውን ዳይሜታይል አኒሊን የመሰለ አሚን ለመሥራት የቆየው መንገድ ሜታይል አዮዳይድ ነው። መርዛማ ነው፤ አባካኝም ነው። ከ142 ግራሙ የሚፈለገው ሜታይል 15 ግራም ብቻ ነው። በሜታኖል ሲሠራ ግን ተረፈ ምርቱ ውሃ ነው። በካታሊስቱ ውስጥ ያለው እንደ ፓላዲየም ያለ ብረት ከሜታኖል ሃይድሮጅን ይወስዳል፣ የቀረው ፎርማልዲሃይድ ከአሚኑ ጋር ይጣመራል፣ የተወሰደው ሃይድሮጅንም ይመለስለታል።

የብዙ ገዢዎች ዐይን የሚያርፈው ፓላዲየም በያዘው ዩአይኦ-66 ላይ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የወጣ፣ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሞሉበት የዚርኮኒየም መዋቅር ሲሆን የአንድ ግራሙ የውስጥ ስፋት 1000 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ቁጥሩ ያማልላል፤ እኔ ግን በእሱ ብቻ አልገዛም። የቀዳዳው መግቢያ 6 አንግስትሮም (አንዱ የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው) ያህል ስለሆነ ትልልቅ አሚኖች ደጅ ይቀራሉ። ውሃንና አሲድን ይችላል፣ ጠንካራ ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) ግን ያፈርሰዋል፤ በሜታኖል የሚሠሩ ብዙ ዘዴዎች ደግሞ ቤዝ ይጠይቃሉ። ዚፍ-8 የተባለው ሌላው ባለ ቀዳዳ መዋቅር በተቃራኒው አሲድ አይወድም፤ ፎርሚክ አሲድ ለምትጠቀሙ አይሆንም።

ፓላዲየም በከሰል ላይ የአሚኑን መጠንም ሆነ አሲድና ቤዝን ይህን ያህል አይመርጥም፣ ፓላዲየሙ 5 ወይም 10 በመቶ ሆኖ ተዘጋጅቶ ይሸጣል። በፎርማልዲሃይድና በሃይድሮጅን ጋዝ ከሆነ ከፍተኛ ሙቀት ሳይፈልግ ይሠራል። ከተጠቀማችሁበት በኋላ በማጥለያው ላይ እንዳይደርቅ ጠብቁ፤ ከሜታኖል ትነት ጋር ሲገናኝ እሳት ያነሳል። መዳብ በአሉሚና (በአሉሚኒየም ኦክሳይድ) ላይ ርካሽ ነው፣ ሙቀት ግን ይበዛበታል።

ለጀማሪ ቤተ ሙከራ ምርጫዬ የከሰሉ ነው። ዩአይኦ-66 የሚያዋጣው አሚኑ ትንሽ ሆኖ ጠንካራ ቤዝ ለማያስፈልገው ሥራ ነው።

ከካታሊስቱ በፊት ግን ዕቃውን አስቡ። ሜታኖል በባሕር ጠለል በ64.7 ዲግሪ ይፈላል፤ ኮምቦልቻ ላይ በ59፣ ደሴ ላይ በ57 ዲግሪ ገደማ። የሜታኖሉ መንገድ ከዚህ የበለጠ ሙቀት ስለሚፈልግ ክፍት ብልቃጥ አይበቃውም። በ130 ዲግሪ ዝግ ዕቃ ውስጥ ግፊቱ ወደ 8 ባር ስለሚደርስ የብረት አውቶክሌቭ (ግፊት የሚችል ዝግ ዕቃ) ያስፈልጋል።

ሻጩን ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁት፦ አጸግብሮቱ ገና ትኩስ ሳለ ካታሊስቱ ተጣርቶ ሲወጣ ፈሳሹ ብቻውን መሥራቱን ይቀጥላል ወይ? ከቀጠለ ፓላዲየሙ ከቀዳዳው እየታጠበ ነው። መረጃው ከሌለው ለሙከራ አንድ ግራም ብቻ ውሰዱ።