ለባጃጅ ብድር ዋስ ሁኑ ከተባላችሁ ውሉን ሳታነቡ እንዳትፈርሙ

ሐዋሳ ውስጥ በደመወዝ ለምትተዳደሩ ሁሉ ነው የምጽፈው። ዘመድ ወይም ጎረቤት «ባጃጅ በብድር ላወጣ ነው፣ የጎደለኝ ዋስ ብቻ ነው» ብሎ ቤታችሁ ከመጣ፣ እሺ ከማለታችሁ በፊት ውሉን አስመጡና አንብቡት። እኔ ሳላነብ ፈርሜ ይኸው የሰው ዕዳ መክፈል ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

መምህርት ነኝ። የአክስቴ ልጅ ከአቶቴ ወደ መናኸሪያ እየጫነ ሊሠራ ባጃጅ በብድር ሲያወጣ እኔን ዋስ ጠራኝ። አበዳሪው ከትምህርት ቤቴ ደብዳቤ አምጪ አለ፤ ቋሚ ሠራተኛ መሆኔን፣ የደመወዜን መጠን፣ ለሌላ ሰው ዋስ አለመሆኔን የሚገልጽ። ሥራ ብለቅም መሥሪያ ቤቱ እንደሚያሳውቅ ተጽፎበታል። ለፊርማ ስንሄድ የብድር ክፍሏ ሠራተኛ ገጹን ገልጣ የምፈርምበትን ቦታ በጣቷ እያሳየች «ይሄ ለፎርማሊቲ ነው፤ ዋናው መያዣ ባጃጇ ናት፣ ሊብሬውም እኛ ጋ ነው የሚቀመጠው» አለችኝ። የአክስቴ ልጅ ከጎኔ ቆሟል። እሱ እያየኝ ሰባት ገጽ ማንበብ እሱን አለማመን መሰለኝና ፈረምኩ።

ከሰባቱ ገጽ ውስጥ ሕይወቴን ያናጋችው አንዲት ሐረግ ናት፤ «በአንድነትና በነጠላ» ትላለች። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1933 እንደሚለው፣ ዋስ እንዲህ ብሎ ከፈረመ አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይጠይቅ፣ መያዣውንም ሳይሸጥ በቀጥታ ዋሱን መክሰስ ይችላል። ሐረጉ ባይኖር ኖሮ «መጀመሪያ የእሱን ንብረት ሽጡ» ማለት እችል ነበር። ስለዚህ «ዋናው መያዣ ባጃጇ ናት» የተባልኩት ነገር ውሉ ላይ ከተጻፈው ጋር አይገናኝም። መያዣዋ እኔ ነበርኩ።

ስምንት ወር በደንብ ከፈለ። ከዚያ ባጃጇ ተጋጨች። የሙሉ መድኑ ጊዜ አልፎ ሳይታደስ ቀርቶ ስለነበር የሚከፍል መድን አልነበረም፤ ባጃጇ ጋራዥ ገባች፣ እሱም ስልኩን ማንሳት ተወ። ሦስት ወር ሳይከፈል ሲቀር የነገረኝ ሰው የለም። የሰማሁት የቅጣት ወለዱ ከተደመረ በኋላ፣ የአበዳሪው ደብዳቤ ለትምህርት ቤቱ ሒሳብ ክፍል ደርሶ ነው። ከዚያ ወር ጀምሮ የደመወዜ ሲሶ ይቆረጣል። እናቴ ታማ ወደ ይርጋለም ዝውውር ባገኘሁ ጊዜም ዋስትናው ስላልተነሳ ክሊራንስ ተከለከልኩ። ከገንዘቡ ይልቅ ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

ውሉን ስታነቡ ያቺን ሐረግ ፈልጉና እንድትወጣ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ እሺ አይሉም፤ እምቢ ካሉ ብድሩን የራሴ ነው ብላችሁ አስቡት፣ ከደመወዛችሁ ልትከፍሉት ካልቻላችሁም አትፈርሙ። ዋስ የሆናችሁበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን በቁጥር መጻፍ አለበት። አንቀጽ 1922 መጠኑ ያልተገለጸ ዋስትና እንደማይጸና ይናገራል፣ ባዶ ቦታ ላይ ፈርማችሁ «በኋላ እንሞላዋለን» እንዳትባሉ። አንድ ወር ክፍያ ሲዘል ለእናንተም በጽሑፍ እንዲያሳውቁ አስጽፉ። የመድኑን እድሳት በየዓመቱ ራሳችሁ ሄዳችሁ እዩ፤ ዘመድ ይከፋል ብላችሁ አትተዉት፣ እኔ ያንን ፈርቼ ነው እዚህ የደረስኩት። የውሉንም ቅጂ ሳትይዙ ከቢሮው አትውጡ።

እንደኔ መክፈል የጀመራችሁ ደግሞ እያንዳንዱን ደረሰኝና የደመወዝ ቅነሳ ማስረጃ አስቀምጡ። ዕዳውን የከፈለ ዋስ ተበዳሪውን መልሶ የመጠየቅ መብት በሕግ አለው። አክስቴን ላለማስቀየም ይህንን መብት አንድ ዓመት ሙሉ አልነካሁትም ነበር። አሁን ደረሰኞቼን ሰብስቤ ጠበቃ ጋ ወስጃለሁ፤ ከመሄዴ በፊት ግን ለአክስቴ ራሴ ነገርኳት።