ስለ ሞተሩ እውነቱን ነገረኝ፣ ስለ ሻንሲው ዋሸኝ

ይህን የምጽፈው ሬንጁ ገና ከጥፍሬ ሳይለቅ ነው። ከአራት ቀን በፊት አንዲት ኬኢ70 ኮሮላ ገዛሁ። ዛሬ ጠዋት ፊቷን ላነሳ ክሪክ ስር አስገባሁ። ክሪኩ ወደ ላይ ወጣ። መኪናዋ ግን ከነበረችበት አልተነቃነቀችም። ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሰማሁና ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ክሪኩ ሻንሲውን ሰርስሮ ገብቷል።

ለፕሮጀክት፣ ማለትም ሞተር ቀይራችሁ ለማደስ፣ አሮጌ መኪና የምትፈልጉ ሁሉ ይህን ዓይነት ሻጭ ታውቁታላችሁ። ግቢው ውስጥ አራት አምስት አሮጌ መኪና አቁሟል። ለእያንዳንዷ ታሪክ አለው። «ከሰዓት ሌላ ሰው ሊያያት ይመጣል» ማለትም አይረሳም። እኔም ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አውቄ ነው የገባሁት፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ኬኢ70ን የመረጥኩት ዝም ብዬ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የተሠራች የኋላ ጎማ ነጂ ናት። ኤኢ86 የሚባለውን ተፈላጊ የስፖርት ኮሮላ መግዛት አቅሜ አይፈቅድም፤ ኬኢ70 ደግሞ የቅርብ ዘመዱ ናት። የኤኢ86ቱን 4ኤ-ጂኢ ሞተር ከነቲ50 ካምቢዮው የገጠመላት ሰው ብዙ ነው። 1290 ሲሲ የሆነውን 4ኬ ሞተሯን አውጥቼ፣ 1587 ሲሲውን፣ ባለ 16 ቫልቩን 4ኤ-ጂኢ ላስገባላት ነበር። ሞተሩን ገዝቼ፣ ፈትቼ፣ አጥቤ፣ መልሼ ገጥሜ ካስቀመጥኩት ስምንት ወር ሆኖታል። ስምንት ወር ሙሉ የሽቦውን፣ የሞተር መያዣውን፣ ወደ ኋላ አክስል የሚሄደውን ዘንግ ርዝመት ሳሰላ ከረምኩ። ሁሉም ነገር የሚታሰርበትን ቦዲ ለማየት የሰጠሁት ጊዜ ሃያ ደቂቃ ነው።

ስደርስ መኪናዋ ታጥባ ነበር የጠበቀችኝ። ውሃው ገና አልደረቀም። ሰውየው በዕድሜ ትልቅ ናቸው፣ «ጋሼ» አልኳቸው፤ እሳቸውም «ልጄ» አሉኝ። ኮፈኑን ራሳቸው ከፈቱት።

«ልጄ፣ አልዋሽህም። ሞተሯ አልቋል። ዘይት ትበላለች፣ ታጨሳለች፣ ዳገት ላይ ትሞታለች። እወቀው ብዬ ነው።»

እዚህ ላይ ነው ያለቀልኝ። ጉድለቱን በራሱ አፍ የሚናገር ሻጭ አይቼ አላውቅም። ሐቀኛ ሰው አገኘሁ አልኩ። አሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። ሞተሩን አውጥቼ እንደምጥለው በስልክ ነግሬያቸዋለሁ! የነገሩኝ እውነት ለእኔ ምንም ዋጋ የሌለው እውነት ነበር። በእሱ እምነቴን ገዙና ዋናውን ውሸት በዚያው ሸጡልኝ።

ከዚያ ጎንበስ ብዬ ስሯን አየሁ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር ሬንጅ ተቀብታለች። ሽታው ገና ትኩስ ነው። «ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። አስታውሳለሁ፣ ጫን አድርገው ነው ያሳረፉት። «ዝገት እንዳይነካት ለራሴ ብዬ የቀባኋት ነው። ልሸጣት አስቤ እንኳ አልነበረም» አሉኝ። ቀና አልኩ። የሾፌሩን በር ከፍቼ ምንጣፉን ላነሳ ስል «ተው፣ ተጣብቋል፣ ይቀደድብሃል። ሞተር ልትቀይር መጥተህ ምንጣፍ ምን ያደርግልሃል?» አሉ። ተውኩት።

ኪሴ ውስጥ ማግኔት ነበረኝ። ለዚሁ ብዬ ከቤት ይዤው የወጣሁት ማግኔት። ሃያውን ደቂቃ ሙሉ በጣቴ እያሻሸሁት ነበር። ይሉኝታ ያዘኝ። «ልጄ» ካሉኝ ትልቅ ሰው ፊት አውጥቼ ቦዲው ላይ መለጠፍ «ሌባ ነዎት» ማለት መሰለኝ። ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁ።

ዛሬ ከክሪኩ በኋላ ካቻቢቴ ይዤ ሬንጁን ፋቅኩት። ከስሩ ብረት የለም። የፋይበር ጨርቅ አለ፣ በላዩ ስቱኮ፣ በስቱኮው ላይ ሬንጅ። የፊቱ መስቀለኛ ብረት የሚታሰርበት ቦታ፣ ማለትም ሞተሩ የሚቀመጥበት፣ በሁለቱም በኩል እንደዚሁ ነው። ወደ ኋላ ሄድኩ። የኋላ አክስሉን ከቦዲው ጋር የሚይዙት ዘንጎች የሚታሰሩበትን በካቻቢቴ ስነካው፣ ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ። ምንጣፉንም አነሳሁት። አልተጣበቀም። ወለሉ ላይ የማስታወቂያ ቆርቆሮ ተመትቶበታል።

ኬኢ70 እንደ ፒክአፕ ለብቻው የሆነ ሻንሲ የላትም። ሻንሲውም ወለሉም ቦዲውም አንድ ብረት ነው። እሱ ከበሰበሰ መኪና የለም። አዲሱን ሞተር አስገብቼ ረግጬ ብነሳ ኖሮ ጉልበቱ የሚያርፈው ስቱኮ ላይ ነበር። አክስሉ መንገድ ላይ ሊነቀል ይችል ነበር። ሰው አጠገቤ ቢቀመጥስ? ባትላሜው መጥቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። ብየዳ የሚይዘው ጤነኛ ብረት ሲያገኝ ነው፣ እዚህ ግን ጤነኛውን ለማግኘት ግማሿን መቁረጥ ነው፤ በዚያ ወጪ ሌላ ትገዛለህ አለኝ።

ደወልኩ። «ልጄ» ቀርቷል። «ሰውዬ፣ የገዛኸው የ40 ዓመት ብረት ነው። አዲስ ከፈለግክ አዲስ መሸጫ ሂድ።» ሬንጁን ለምን ቀቡት ስላቸው «አይተህ ነው የገዛኸው» ብለው ዘጉት። ደግሜ ስደውል ከኋላ የሌሎች ሰዎች ሳቅ ይሰማ ነበር።

ማግኔታችሁን አውጡ። ስቱኮ ላይ አይጣበቅም። ከበር ስር፣ ከሻንሲው ጎን፣ የፊት አሞርዛተር ከላይ በሚታሰርበት፣ የኋላ ዘንጎች በሚገቡበት ለጥፉት። ምንጣፍ ይነሳ። ክሪክ ስር ይግባ። ሻጩ አይሆንም ካለ ሂዱ። ሞተሩን ማየት ለእኛ ጊዜ ማባከን ነው፤ የምንገዛው ቦዲ ነው።

ይህን ለመጻፍ የቸኮልኩበት ምክንያት ሌላ ነው። ሰውየው ትናንት ማታ አዲስ ማስታወቂያ አውጥተዋል። ነጭ ኬኢ70፣ ያው ግቢ፣ ያው ግድግዳ፣ ታጥባ ውሃው እየተንጠባጠበ። «ሞተሯ ደክሟል፣ ቦዲዋ ጤነኛ፣ ለፕሮጀክት የምትሆን» ይላል። ሦስተኛውን ፎቶ አጉልታችሁ እዩት። ከፊት ጎማው ጀርባ አዲስ ጥቁር ሬንጅ መሬቱ ላይ ተንጠባጥቧል።