የሐበሻ፣ ሳሶ ወይስ ቦቫንስ? ለጓሮ የሚሆን ዶሮና የዶሮ ቤት ንጽጽር

ጓሮው ውስጥ አምስት ስድስት ዶሮ ለማርባት ያሰበ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠራው አናጺ ነው። ቆርቆሮው ይመታል፣ ሽቦው ይወጠራል፤ ከዚያ በኋላ ገበያ ወርዶ ያገኘውን ዶሮ ይዞ ይመጣል። እኔ ግን ነገሩ ከዶሮዋ ይጀመር እላለሁ። ቆጡ ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ማታ መብራት ያስፈልግ እንደሆነ፣ መኖ በኩንታል ይገዛ እንደሆነ የምትወስነው እሷ ናት።

የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉም ትንሽ ነው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ይንቃታል። ነገር ግን ደርዘን ያህል ከጣለች በኋላ ራሷ ታቅፋ፣ 21 ቀን ተኝታ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቿን ይዛ ከጭልፊት እየተከላከለች ታሳድጋለች። ጭራ ስለምታድር የመኖ ወጪዋ ትንሽ ነው። ገበያ ላይም ሥጋዋም እንቁላሏም ከፈረንጁ በላይ ይፈለጋል። ሰፊ ግቢ ላለውና ዘሩን ከራሱ ዶሮ ለመተካት ለሚፈልግ ሰው ከእሷ የሚበልጥ የለም። «የሐበሻ ዶሮ አትታመምም» የሚሉትን ግን አይስሙ። ፈንግል ከገባ አንድም ሳያስቀር ሊጠርጋቸው ይችላል።

ለእንቁላል የተዳቀለችው የፈረንጅ ዶሮ ቦቫንስ ብራውን የእርሷ ተቃራኒ ናት። በአግባቡ ከተያዘች በዓመት 300 እና ከዚያ በላይ እንቁላል ትጥላለች፤ ከ5 ወር ዕድሜ በፊትም ትጀምራለች። አትታቀፍም። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን በቀን 115 ግራም ያህል የተመጣጠነ የእንቁላል ጣይ መኖ ስታገኝ ነው። ለስድስት ዶሮ በወር 21 ኪሎ ግራም ግድም ማለት ነው። ፉርሽካ ብቻ እየበተኑ 300 እንቁላል መጠበቅ ዶሮዋን መበደል ነው፤ ካልሲየሙን ከገዛ አጥንቷ አውጥታ ትጥላለች፣ ቅርፊቱ ይሳሳል፣ በመጨረሻም እግሯ ይከዳታል። ብርሃንም አለ። በአገራችን ቀን ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ሲሆን እርሷ ግን 16 ሰዓት ያህል ትፈልጋለች። አንድ ትንሽ አምፖል ይበቃታል፤ የሚሻለው ደግሞ ማታ ከማስመሸት ንጋት ሳይቀድም ማብራት ነው። ማታ በድንገት ሲጠፋ ቆጥ ላይ ሳይወጡ ጨለማ ይይዛቸዋል።

ከሁለቱ መካከል ሳሶ ትቆማለች። ፈረንሳይ የተዳቀለች፣ ለሥጋም ለእንቁላልም የምትሆን ዶሮ ናት። ጥሩ ከተያዘች በዓመት 200 አካባቢ ትጥላለች፤ ግቢ ውስጥ ጭራም የተወሰነውን ምግቧን ታገኛለች። ወንዱ ቶሎ ስለሚገዝፍ ለበዓል ይደርሳል፤ ቀይ መሆኑም ለዶሮ ወጥ ገዢ ደስ ይለዋል። ድክመቷ ድቅል መሆኗ ነው። ከእርሷ የተፈለፈሉት ጫጩቶች እናታቸውን አይተኩም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ አዲስ መግዛት አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያረባ የከተማ ሰው እኔ የምመክረው ሳሶን ነው፤ በመኖ በኩል የሚሠራውን ስህተት ከቦቫንስ ይልቅ እርሷ ትችላለች።

ዕድሜን በተመለከተ የአንድ ቀን ጫጩት ርካሽ ቢሆንም ለሳምንታት ሌት ተቀን ሙቀት ይፈልጋል። ጀማሪ የ45 ቀን ታዳጊ ቢገዛ ይሻለዋል። ሻጩን የፈንግልና የጉምቦሮ (ጫጩቶችንና ታዳጊዎችን የሚያጠቃ ተላላፊ በሽታ) ክትባት መቼ መቼ እንደተሰጠ ይጠይቁት፤ ቀኑን ካላወቀ አይግዙ። የፈንግሉ በኋላም በየሦስት ወሩ ይደገማል። ክትባቱ አገር ውስጥ፣ ቢሾፍቱ በሚገኘው የብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ስለሆነና ከተበጠበጠ በኋላ ስለማይቆይ ከጎረቤት ጋር ተነጋግሮ በአንድ ቀን ማስከተብ ነው።

ቄብ እገዛለሁ የሚል ሰው ደግሞ ይጠንቀቅ። እኔ ራሴ «ነገ ተነገ ወዲያ የሚጥሉ ቄቦች» ተብዬ አራት ቦቫንስ ገዝቼ፣ ሁለት ወር ቀልቤ፣ ያገኘሁት እንቁላል በጣት የሚቆጠር ነበር። ከእርባታ ጣቢያ ዘመናቸውን ጨርሰው የወጡ አሮጊቶች ነበሩ። አሁን ዶሮዋን ክንፏን ይዤ ጀርባዋን ወደ ደረቴ አደርግና ከጅራቷ ሥር ያሉትን ሁለት የዳሌ አጥንቶች እዳብሳለሁ። ገና ያልጣለች ቄብ ከሆነች አንድ ጣት ብቻ ያስገባል፤ ሁለት ሦስት ጣት ከገባ ስትጥል የኖረች ናት። እግሯንም አያለሁ። የቄብ ቦቫንስ እግር ቢጫ ነው፤ ብዙ የጣለች ግን ቢጫው ተሟጦ ገርጥቷል።

ወደ ቤቱ እንምጣ። ሽያጭ ላይ ያሉት ባለ ደርብ የሽቦ ኬጆች እንቁላሉን ንጹሕ አድርገው ያንከባልላሉ፣ ቦታም ይቆጥባሉ። ለ60 ቦቫንስ ተገቢ ናቸው። ለስድስት ግን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ለሐበሻና ለሳሶ ደግሞ መጫርን መከልከል ነው። መሬት ላይ ጉዝጓዝ ያለው ቤት ይሻላል። 1 ሜትር በ2 ሜትር ለስድስት ዶሮ ይተርፋል። ግድግዳው ከታች ግማሽ ሜትር ያህል ድፍን፣ ከላይ ሽቦ ይሁን፤ ረጅሙ ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቢዘረጋ ፀሐይ በቀጥታ አይገባም። ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ወይም ጭድ እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይነጠፍ። ጉዝጓዙን በእጅ ጨብጠው ሲለቁት ከተበተነ ደህና ነው፤ እንደ ሊጥ ከተያያዘ ረጥቧልና ኮክሲዲዮሲስ የሚባለውን፣ ደም የሚያስቀምጥ የአንጀት በሽታ እያመጡ ነው። ቆጡ ለሳሶና ለቦቫንስ ከግማሽ ሜትር ብዙ አይለፍ፤ ከከፍታ ሲዘሉ ይጎዳሉ። የሐበሻዋ ግን ከፍ ካላለላት ዛፍ ላይ ታድራለች።

ገንዘብ ከጎደለ ከቆርቆሮው ይቀንሱ እንጂ ከሽቦው አይቀንሱ። ቀዳዳው ሰፊ የሆነው ርካሽ ሽቦ ዶሮን ያግዳል፣ ሸለምጥማጥን ግን አያግድም። ጣት የማያስገባውን ይምረጡ፤ ጠርዙንም ወደ አፈሩ ውስጥ ይቅበሩት።

የመግዣው ጊዜ ለሚሸጥ ሰው ትልቅ ነገር ነው። በመስከረም መጨረሻ የተገዛች የ45 ቀን ቦቫንስ በደንብ የምትጥለው ልክ በዐቢይ ጾም፣ እንቁላል ፈላጊ ባጣበት ወቅት ነው። በኅዳር መጨረሻ ከተገዛች ግን መጋቢት ላይ ጀምራ ሚያዝያ ላይ፣ ሰው ለፋሲካ ሲገዛ፣ ሙሉ ምርት ላይ ትደርሳለች።